ጸጥ ያለው ውሃ

በዛሬው ጽሑፋችን ስለ ባሕር ዳር ዓሣ ማጥመድ እንነግራችኋለን። «እኛ የደጋ ሰዎች ነን፤ ባሕር ምን ያደርግልናል?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። እኛ አስተማሪዎቻችሁም ባሕርን ያወቅነው በመጽሐፍ ነው። ነገር ግን ከእናንተ መካከል ባሕር ማዶ የሚኖር ልጅ ወይም ዘመድ ያለው ይኖራል። ይህ ነገር ለእሱ ይጠቅመዋል።

በአሜሪካ በዋሽንግተን ከተማና በአካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ከዚያ በመኪና 3 ሰዓት ያህል ሲኬድ አትላንቲክ ከሚባለው ውቅያኖስ ይደረሳል። እዚያ ኦሽን ሲቲ የምትባል ከተማ አለች። ከጎኗም አሳቲግ የምትባል ረጅምና ጠባብ የአሸዋ ደሴት ትገኛለች። እኛ ዘንድ ክረምት ሲሆን እዚያ የሙቀት ወራት ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋል። ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ልጆች ይዋኛሉ፤ ትልልቆቹ ዓሣ ያጠምዳሉ።

ዕቃው ምንድን ነው?

ዕቃው ብዙ አይደለም። ከ2 ሜትር ተኩል እስከ 3 ሜትር የሚረዝም ዘንግ፣ ጠንካራ ክር፣ መንጠቆና እርሳስ ያስፈልጋል። እርሳሱ ክሩን ወደ ታች ይዞ ማዕበል እንዳይወስደው ያደርጋል። ክብደቱ ከ60 እስከ 110 ግራም ቢሆን ይበቃል። መንጠቆው ላይ ትል ወይም ሽሪምፕ የሚባል ትንሽ የባሕር እንስሳ ይሰካል። ለጀማሪ ትንሽ መንጠቆ ይሻላል፤ በባሕሩ ዳር ከሚገኙት ዓሦች ብዙዎቹ አፋቸው ጠባብ ነውና። ዕድሜው 16 ዓመት የሞላው ሰው ፈቃድ ማውጣት አለበት። ስንት ዓሣ፣ ምን ያህል የሚረዝም እንደሚያዝም ደንብ አለ። ደንቡን ማንበብ ያስፈልጋል።

ባሕር ይሞላል፣ ይጎድላል

ጨረቃ የባሕርን ውሃ ትስባለች። ስለዚህ በዚያ ጠረፍ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ይሞላል፤ ሁለት ጊዜ ያህል ይጎድላል። ከሙላት እስከ ጉድለት 6 ሰዓት ያህል ነው። ሙላቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ዛሬ ጠዋት በ2 ሰዓት ከሞላ፣ ነገ ለ3 ሰዓት 10 ደቂቃ ሲቀረው ይሞላል ማለት ነው። ውሃው ሲንቀሳቀስ ዓሣም ምግብ ፍለጋ ወደ ዳር ይጠጋል። አጥማጁ ዘንጉን የሚወረውረው ይህን ሰዓት ጠብቆ ነው።

ዓሣው የት ነው?

ጀማሪ ሰው በጣም አርቆ ይወረውራል። ይህ ስሕተት ነው። ከባሕሩ ዳር ትንሽ ራቅ ብሎ በውሃው ሥር የአሸዋ ጉብታ አለ። በጉብታውና በዳሩ መካከል ደግሞ እንደ ቦይ ያለ ጥልቅ ቦታ አለ። ዓሣ የሚመላለሰው በዚህ ቦይ ነው። ማዕበሉ ነጭ አረፋ እያወጣ ከተሰበረ፣ እዚያ ውሃው ጥልቅ አይደለም። ማዕበሉ የማይሰበርበትና ጠቆር ያለው ቦታ ጥልቅ ነው። ጉብታው ተቆርሶ በር የሆነበት ቦታም እንዲሁ ጠቁሮ፣ ጸጥ ብሎ ይታያል። ዓሣ በዚያ በር ይገባል፣ ይወጣል።

ያው ቦታ ሰው ይወስዳል

አሁን ልብ በሉ! ማዕበል ወደ ዳር ያመጣው ውሃ መመለሻ ይፈልጋል። የሚመለሰውም በዚያው በር ነው። በዚያ ጠባብ በር ሲወጣ እንደ ደራሽ ወንዝ ይሮጣል። ለአጥማጁ መልካም የሆነው ቦታ ለዋናተኛው ክፉ ነው። እናት «እዚያ ማዕበል የለም፤ እዚያ ተጫወቱ» ብላ ልጆቿን ትልካለች። ጸጥታው ግን ያታልላል። በአሜሪካ የባሕር ዳር ነፍስ አድን ሠራተኞች ከሚያወጧቸው 100 ሰዎች 80 ያህሉ በዚህ ጅረት የተወሰዱ መሆናቸውን ማኅበራቸው ይናገራል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ጅረቱ ሰውን ወደ ጥልቁ ያርቃል እንጂ ወደ ሥር አያሰጥምም። ሰው የሚሰጥመው ከጅረቱ ጋር ሲታገል ደክሞ ነው። ስለዚህ፦

1ኛ. አትደንግጡ። ወደ ዳር ፊት ለፊት አትዋኙ።
2ኛ. ከጅረቱ እስክትወጡ ድረስ ከባሕሩ ዳር ጎን ለጎን ዋኙ። ከዚያ ወደ ዳር ተመለሱ።
3ኛ. ካቃታችሁ ተንሳፈፉ፤ እጃችሁን እያወዛወዛችሁ ጩኹ።
4ኛ. ሌላ ሰው ሲወሰድ ካያችሁ ዘላችሁ አትግቡ። የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩለት፤ ነፍስ አድን ጥሩ። ሊያድን ገብቶ የቀረ ብዙ ነው።

ሁልጊዜም ነፍስ አድን ባለበት ቦታ ዋኙ። ዋና የማያውቅ አጥማጅ በአሸዋው ላይ ቆሞ ይወርውር። ዓሣው ቅርብ ነው ብለናልና ምንም አይቀርበትም።

የወንዝ ዳር ሰው የደራሽን ድምፅ ያውቃል። የባሕር ጅረት ግን ድምፅ የለውም፤ በዓይን ብቻ ይታወቃል። ባሕር ማዶ ላለው ዘመዳችሁ ደብዳቤ ስትጽፉ ይህችን ነገር ጨምሩለት፦ «ልጆቹ ውሃ ከመግባታቸው በፊት ቆመህ ውሃውን እይ።»

እስቲ እንወያይ

1. ዓሣ የሚመላለሰው የት ነው?
2. ማዕበል የማይታይበት ቦታ ለምን ያስፈራል?
3. በመንደራችን ጸጥ ብሎ የሚያታልል ውሃ የት አለ? ልጆቻችን ያውቁታል?