ከላፕቶፕ ፋብሪካው ወይስ ከቺፕ ሠሪው?
ስለ ግራፊክስ ድራይቨር አመራረጥ ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች የሚጠቅም ማብራሪያ

ላፕቶፕ በዛሬው የንግድ ሥራ እንደ ሚዛንና እንደ ደረሰኝ ጥራዝ የማይቀር መሣሪያ ሆኖአል። አስመጪው በካርቶን ያስገባዋል፤ ባለሱቁ በመደርደሪያ ደርድሮ ይሸጠዋል፤ ጸሓፊውና ሒሳብ ያዡም ውለው ይሠሩበታል። ይሁን እንጂ በሻጭና በገዢ መካከል ክርክር ከሚያስነሡት ነገሮች አንዱ፣ ላፕቶፑ ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ በተጫነ ጊዜ ለስክሪኑ የሚያስፈልገው የግራፊክስ ድራይቨር ከየት ይምጣ የሚለው ጉዳይ ነው። ምርጫው የተሳሳተ እንደ ሆነ ገዢው ዕቃውን ተሸክሞ ይመለሳል፤ ሻጩም ድካሙ ሳይከፈለው ስሙ ይጎዳል።

ድራይቨር ማለት በዊንዶውስና በመሣሪያው መካከል ቆሞ የአንዱን ትእዛዝ ለሌላው የሚያስረዳ ፕሮግራም ነው። በቋንቋ በማይግባቡ ሻጭና ገዢ መካከል እንደሚቆም አስተርጓሚ ሊቆጠር ይችላል። የግራፊክስ ድራይቨር በሌለ ጊዜ ዊንዶውስ ለችግር ቀን በያዘው መሠረታዊ ማሳያ ስለሚሠራ ስክሪኑ ጨርሶ አይጠፋም። ነገር ግን ምስሉ ጥራት ያጣል፤ ቪዲዮው ይንቀራፈፋል፤ ፕሮጀክተር ቢሰካም ብዙውን ጊዜ ምስል አይወጣበትም።

የላፕቶፕ ግራፊክስ ቺፕ የሚሠሩት ዋነኞቹ ኩባንያዎች ኢንቴል፣ ኤ.ኤም.ዲ. እና ኤንቪዲያ ናቸው። እነዚህም ለቺፖቻቸው በጠቅላላው የሚያገለግል ድራይቨር በየጊዜው ያወጣሉ። በሌላ ወገን እንደ ዴል፣ እንደ ኤች.ፒ. እና እንደ ሌኖቮ ያሉት የላፕቶፕ ፋብሪካዎች ቺፑን ገዝተው በሠሩት ላፕቶፕ ውስጥ ካስገቡ በኋላ፣ ያንኑ ድራይቨር ለየሞዴሉ አስተካክለውና ፈትነው በራሳቸው ድረ ገጽ ያቀርባሉ። የቺፕ ሠሪው ድራይቨር ተሰፍቶ በገበያ እንደሚሸጥ ልብስ ሲሆን፣ የፋብሪካው ግን በልክ እንደተሰፋ ልብስ ነው። የልክ ልብስ ለለባሹ ይስማማል፤ ሆኖም ሰፊው ይዘገያል፣ አንዳንድ ጊዜም ደግሞ መስፋቱን ይተወዋል። የምርጫው ችግር በሙሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ልኩ የሚያስፈልግበት ምክንያት ላፕቶፕ እንደ ጠረጴዛ ኮምፒውተር ክፍሉ ሁሉ ለየብቻው የሚገጣጠም ዕቃ ስላልሆነ ነው። የስክሪኑን ብርሃን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት ቁልፎች፣ ክዳኑ ሲዘጋ ማንቀላፋቱና ሲከፈት መንቃቱ፣ የባትሪው አጠቃቀምና ወደ ሁለተኛ ስክሪን የሚወጣው መስመር ሁሉ ከግራፊክሱ ጋራ የተያያዙ ናቸው። በተለይም ሁለት ቺፕ ያላቸው ላፕቶፖች ጥንቃቄ ይሻሉ። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2010 ባስተዋወቀው ኦፕቲመስ በተባለው አሠራር፣ ጉልበተኛው የኤንቪዲያ ቺፕ የሠራውን ምስል ወደ ስክሪኑ የሚያደርሰው በኢንቴል ቺፕ በኩል ነው። ስለዚህ አንደኛው ድራይቨር ከሌላው ጋራ ካልተስማማ ሥራው ሊሰናከል ይችላል።

ቺፕ ሠሪዎቹም ይህን አይክዱም። ኢንቴል የእርሱ አጠቃላይ ድራይቨር ፋብሪካው ያደረገውን ማስተካከያ ሊያጠፋ እንደሚችል ለተጠቃሚዎች ያስጠነቅቃል። እንዲያውም ቀደም ሲል የኢንቴል መጫኛ ፋብሪካው ባስተካከለው ላፕቶፕ ላይ አልጫንም ብሎ ተጠቃሚውን ወደ ፋብሪካው ይመልስ ነበር፤ ይህ መቆለፊያ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ኤ.ኤም.ዲ.ም በበኩሉ የላፕቶፕ ድራይቨር ሲያወጣ የቶሺባን፣ የሶኒንና የፓናሶኒክን ላፕቶፖች ከዝርዝሩ ውጭ ያደረገበት ዘመን ነበር።

እንግዲህ መነሻው የፋብሪካው ድራይቨር ሊሆን ይገባል። ላፕቶፑ በደኅና እየሠራ፣ አዲስ ወጣ ስለተባለ ብቻ መለወጥ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንደሚባለው ነው። ይሁን እንጂ ወደ ቺፕ ሠሪው መሄድ ተገቢ የሚሆንባቸው ሦስት ጊዜያት አሉ።

አንደኛው፣ ፋብሪካው አገልግሎቱን ሲያቋርጥ ነው። ሶኒ ቫዮ የተባለውን የላፕቶፕ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2014 ሸጦአል፤ ቶሺባም እ.ኤ.አ. በ2020 ቀሪ ድርሻውን ለሻርፕ አስተላልፎ ከላፕቶፕ ንግድ ወጥቶአል። ያገለገሉ ላፕቶፖች ለሚያስመጣ ነጋዴ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ስላቆመ ገዢዎች ዊንዶውስ 11 ይጠይቃሉ፤ ለብዙ አሮጌ ሞዴሎች ግን ፋብሪካው የዊንዶውስ 11 ድራይቨር አላዘጋጀም። ቺፕ ሠሪውም ቢሆን አሮጌውን ለዘለዓለም አይከባከብም። ኢንቴል ከ6ኛ እስከ 10ኛ ትውልድ ባሉት ፕሮሰሰሮቹ ውስጥ የሚገኙትን ግራፊክሶች እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ተቀነሰ ድጋፍ አዛውሮአል። ስለዚህ አስመጪው ከመግዛቱ በፊት ለሞዴሉ ምን ድራይቨር እንዳለ ቢመለከት ይጠቀማል።

ሁለተኛው፣ ገዢው የሚሠራበት ፕሮግራም የተለየ ድራይቨር ሲጠይቅ ነው። አውቶካድን የሚያወጣው አውቶዴስክ በፕሮግራሞቹ የተፈተኑትን የግራፊክስ ቺፖችና ድራይቨሮች በዝርዝር ያሳውቃል። የመሐንዲስ ቢሮ ወይም ማተሚያ ቤት የሚገዛ እንደ ሆነ ይህን ዝርዝር ማየት የሻጩ ሥራ ነው።

ሦስተኛው፣ የታወቀ ጉድለት ወይም የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ ነው። ቺፕ ሠሪዎቹ በድራይቨሮቻቸው ላይ የተገኙትን ቀዳዳዎች በማስታወቂያ ይገልጻሉ፤ መድፈኛውም አስቀድሞ በእነርሱ ድራይቨር ወጥቶ በፋብሪካው በኩል ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል።

ከሁለቱም ምንጮች ውጭ የሆነ ሌላ መንገድ አለ፤ እርሱም ባይሞከር የተሻለ ነው። የየፋብሪካው ድራይቨር ተሰብስቦ በአንድ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይታያል፤ ከየት እንደተቀዳና ምን እንደተጨመረበት ግን የሚያውቅ የለም። እንደዚሁም መጫኛው አልቀበልም ባለ ጊዜ የድራይቨሩን ፋይል ቆርጦ ቀጥሎ በግድ ማስገባት፣ የሠሪውን ዲጂታል ፊርማ ስለሚያፈርስ የኮምፒውተሩን ጥበቃ ማላላት ነው።

ለሥራው የሚበጀው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ በላፕቶፑ ጀርባ የተጻፈው መለያ ቁጥር ይመዝገብ። ለምሳሌ ዴል ሰርቪስ ታግ የሚለው 7 ፊደልና አኃዝ ያለው መለያ በድረ ገጹ ሲገባ ለዚያው ላፕቶፕ የተዘጋጀውን ድራይቨር ያሳያል። ፋይሉ ከግማሽ ጊጋባይት ሊበልጥ ስለሚችል፣ አንድ ጊዜ ወርዶ በየሞዴሉ ስም በሱቁ ፍላሽ ቢቀመጥ የኢንተርኔት ወጪ ይቀንሳል። ወደ ቺፕ ሠሪው ድራይቨር መለወጥ ያስፈለገ እንደ ሆነ ደግሞ የቀድሞው ፋይል ሳይጠፋ፣ የዊንዶውስ የመመለሻ ነጥብ ተይዞና ላፕቶፑ መብራት ላይ ተሰክቶ ይጫን። 20 ላፕቶፕ የሚያስረክብ ነጋዴ በአንዱ ብቻ ይጀምር፤ የብርሃን ቁልፎቹን፣ የክዳኑን መዘጋትና መከፈት፣ ፕሮጀክተሩንና ቪዲዮውን ፈትኖ ደኅና ሆኖ ሲያገኘው ወደ ቀሩት ይለፍ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና። ችግር ቢታይ በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ወደ ቀድሞው ድራይቨር መመለሻ ቁልፍ አለ። ዊንዶውስ ራሱ በአፕዴት ጊዜ ድራይቨሩን ሊለውጥ እንደሚችልም ለገዢው መንገር ያስፈልጋል።

በመጨረሻም፣ ዕቃው ሲሸጥ የተጫነው ድራይቨር ከማን እንደመጣ፣ ቁጥሩና የተጫነበት ቀን በዋስትናው ወረቀት ላይ በአንድ መስመር ቢጻፍ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። ገዢው ቅሬታ ይዞ በመጣ ጊዜ ባለሱቁ ከወረቀቱ ላይ አንብቦ፣ ጉድለቱ ከዕቃው ይሁን ወይስ በኋላ ከተለወጠ ድራይቨር በቀላሉ ሊለይ ይችላል። በዚህም ክርክሩ ያጥራል፤ የደንበኛውም እምነት ይጠበቃል።