ፅንሱን ባቀፈው ሽፋን ውስጥ የሊምፍ ቧንቧ አለ ወይስ የለም?

ብሪታንያዊው ሳይንቲስት ፒተር ሜዳዋር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አንድ ነገር ሲያጠና ከረመ፤ በቃጠሎ በተጎዳ ሰው ላይ የሚለጠፍ የሌላ ሰው ቆዳ ለምን አይጸናም? እ.ኤ.አ. በ1953 ደግሞ ጥያቄውን ወደ ማህፀን አዞረው። ፅንስ ግማሽ ዘሩ ከአባቱ ነው። ታዲያ ባዕድ ቆዳን በሳምንታት ውስጥ የሚጥል ሰውነት ይህን ግማሽ ባዕድ ዘጠኝ ወር ሙሉ እንዴት ይሸከመዋል? ሜዳዋር ካቀረባቸው መላምቶች አንዱ እናትና ልጅ በአካል ተነጣጥለው ስለሚኖሩ ነው የሚል ነበር።

የመነጣጠሉ ነገር ዛሬ ከሊምፍ ጋር ተያይዞ ያከራክራል። ከደም ስር ሾልኮ በህዋሳት መካከል የሚቀረውን ፈሳሽ ሰብስቦ ወደ ደም የሚመልሰው የሊምፍ ቧንቧ ነው። መስመሩ ሲበላሽ ምን እንደሚደርስ፣ በቀይ አፈር ላይ ባዶ እግራቸውን ሲያርሱ የኖሩ ገበሬዎቻችንን ከሚይዘው ዝሆኔ እናውቃለን። የመከላከያ ህዋሳትም ያገኙትን ባዕድ ነገር ይዘው ወደ ንፍፊት የሚጓዙት በዚሁ መስመር ነው። እንግዲህ ሐኪሞች ዴሲዱዋ የሚሉት፣ ለእርግዝና የሚወፍረውና ከወሊድ በኋላ ከእንግዴ ልጅ ጋር የሚወጣው የማህፀን ሽፋን ሊምፍ ካለው፣ የፅንሱ ወሬ ወደ ንፍፊት የሚደርስበት መንገድ ክፍት ነው። ከሌለው መንገዱ ተዘግቷል።

አይቶ መለየት ግን ቀላል አልሆነም። የሊምፍ ቧንቧ መነሻው ላይ ግድግዳው የአንድ ህዋስ ውፍረት ብቻ ነው፤ ጡንቻ የለውም። ህዋሳቱ ጠርዝ በጠርዝ ተደራርበው ፈሳሽ ሲገፋቸው ይከፈታሉ። በማይክሮስኮፕ ስር ብዙ ጊዜ ተጣብቆ ባዶ ስንጥቅ ይመስላል፤ ከቀጭን ደም መልስም ጋር ይምታታል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ግን ላይቭ-1፣ ፖዶፕላኒንና ፕሮክስ-1 የተባሉ መለያ ፕሮቲኖች ተገኙ። ፕሮቲኑን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል በስሱ የተቆረጠው ህብረ ህዋስ ላይ ይጨመራል፤ ቧንቧው ካለ ግድግዳው ቡናማ ሆኖ ይወጣል።

ከዚህ በኋላ ስምምነት ይመጣል ተብሎ ነበር፤ አልመጣም። በ2006 ክሪስቲ ሬድ ሆርስና ሱዛን ፊሸር ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ የሰው እንግዴ ልጅ ቅንጣቶችን በአይጥ ኩላሊት ሽፋን ስር ተከሉ። ወራሪዎቹ የእንግዴ ልጅ ህዋሳት በሄዱበት ሁሉ አዳዲስ የሊምፍ ቧንቧዎች በቀሉ። በነፍሰ ጡር ሴቶች ሽፋን ውስጥም እንዲሁ ማየታቸውን ጻፉ፤ ቧንቧዎቹ የእናትየውን የፈሳሽ ሚዛን ለመጠበቅ ሳይጠቅሙ አይቀሩም አሉ። በ2010 የአውስትራሊያና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የተቃረነውን አወጡ፤ ሽፋኑ ወደ ዴሲዱዋነት ሲለወጥ የሊምፍ ቧንቧዎቹ ይጠፋሉ። በ2017 ኦስትሪያ ቪየና ውስጥ የተሠራ ጥናት በበኩሉ የእንግዴ ልጅ ህዋሳት ወደ ሊምፍ ቧንቧ ጭምር ሲገቡ አይቷል፤ በተደጋጋሚ ፅንስ በሚያስወርዳቸው ሴቶች ዘንድ ግን ይህ ወረራ የተዛባ ነበር።

በአይጥ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። የአድሪያን ኤርሌባከር ቡድን በ2009 እንዳሳየው በእርጉዝ አይጥ ዴሲዱዋ ውስጥ የመከላከያ ህዋሳቱ እዚያው ታግተው ይቀራሉ፤ ወደ ንፍፊት አይደርሱም። የፅንሱ ቁርጥራጭ ግን በደም በኩል ስለሚወጣ ወሬው ጨርሶ አይታፈንም። አይጥ እርግዝናዋ ሦስት ሳምንት አይሞላም፣ የእንግዴ ልጇም እንደ ሰው ጠልቆ አይገባም። ስለዚህ የአይጥን መልስ ለሴት መስጠት ድፍረት ይመስለኛል።

በ2019 ደግሞ የኖርዝ ካሮላይና ተመራማሪዎች መለያዎቹ ራሳቸው እንደሚያሳስቱ አሳዩ። ለእንግዴ ልጅ ደም የሚያደርሱት የአይጥ ጠመዝማዛ ደም ቅዳዎች በእርግዝና ወቅት ፕሮክስ-1ንና ላይቭ-1ን ይለብሳሉ፤ ሆኖም የሊምፍ ቧንቧ አይደሉም። ላይቭ-1 በአንዳንድ ነጭ የደም ህዋሳት ላይም ይገኛል። በእኔ እምነት ሁለቱም ወገኖች ያዩትን ነው የጻፉት። የተቆረጠው ቦታ ለወራሪዎቹ ህዋሳት መቅረቡ፣ የሽፋኑ ጥልቀትና የእርግዝናው ሳምንት መልሱን ይለውጡታል። በአንድ ቀለም ብቻ አለ ወይም የለም ብሎ መፍረድ አያዋጣም።

ክርክሩ የላቦራቶሪ ብቻ እንዳይመስለን። በሴቶች ዘንድ እነዚያ ጠመዝማዛ ደም ቅዳዎች በሚገባ ሳይሰፉ ሲቀሩ ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው የእርግዝና ደም ግፊት ይከተላል፤ በአገራችንም እናቶችን ከሚገድሉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። በሽታው ሲከሰት ፈሳሽ ከደም ስር እየሾለከ በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። የማህፀን ሊምፍ በዚህ ውስጥ ያለውን ድርሻ ለማወቅ በፈቃዳቸው ናሙና የሚሰጡ ሴቶችና ከአንድ በላይ መለያ የሚጠቀሙ ጥናቶች ያስፈልጋሉ። የጥናቱ ውጤት እስኪመጣ ግን እናት አትጠብቅም። በእርግዝና የእግር ማበጥ የተለመደ ነው፤ ፊቷና እጇ በድንገት ያበጠ፣ ራሷን አጥብቆ የሚያማት ወይም ዓይኗ ብዥ የሚልባት ነፍሰ ጡር ግን ነገ ሳትል ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሄዳ ደም ግፊቷን ትለካ።