ከመረብ ጀርባ ሆኖ የልጆችን የሶፍትቦል ጨዋታ መቅረጽ

በአሜሪካ የልጆች ሶፍትቦል ሜዳዎች ጨዋታን ለመቅረጽ ከሁሉ የሚሻለው ቦታ ከሆም ፕሌት (መቺዋ ከምትቆምበት ቦታ) ጀርባ ነው። ወርዋሪዋ፣ መቺዋና ተቀባይዋ በአንድ መስመር የሚታዩትና የኳሷ አገባብ በቀኝ በግራ የሚለየው ከዚያ ነው። ተመልካቹን ከኳስ የሚከላከለው አጥር ወይም መረብም የሚቆመው እዚያው ነው። ስለዚህ የካሜራው አተካከል ሁለት ነገሮችን ማሟላት አለበት፤ መረቡ ከምስሉ እንዲጠፋ፣ ኳስ መረቡን ስትመታም ካሜራው እንዳይጎዳ። የመጀመሪያው ካሜራውን ወደ መረቡ ያስጠጋል፣ ሁለተኛው ያርቀዋል።

ሌንስ ሩቅ ላለችው ወርዋሪ ሲስተካከል ከፊቱ ያለው ክር ከፎከስ ውጭ ይሆንና ይደበዝዛል። ክሩ ለሌንሱ በቀረበ ቁጥር ይበልጥ ይጠፋል። ይህ በደንብ የሚሠራው ግን የሌንሱ ቀዳዳ ሰፊ ሲሆን ነው። የስልክና የትናንሽ የስፖርት ካሜራዎች ሌንስ ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ፣ ፊቱ ላይ የተጋረጠ ሽቦ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል። ለእነዚህ የሚበጀው ሌንሱን ከአንዱ የመረብ ዓይን መሃል ትክክል ማድረግ ነው።

በሽቦ አጥር ላይ ይህ ቀላል ነው። የተለመደው የሽቦ ዓይን ስፋት 5 ሴንቲሜትር ያህል ስለሆነ ለስልክ ሌንስ በሚገባ ይበቃል። በሽቦው ላይ የሚንጠለጠል ባለ መንጠቆ መያዣ ካሜራውን ከውጭ በኩል ያስጠጋዋል፤ ካሜራው ግን ወደ ሜዳው ብቅ ማለት የለበትም። መያዣው የሚታሰረው ከብረት ምሶሶው አጠገብ ነው፤ የአጥሩ መሃል ኳስ ሲመታው ወይም ሰው ሲደገፈው ይንቀጠቀጣል። ቢወድቅ የሚይዘው ተጨማሪ ገመድም አይቅር። ብዙ ሌንስ ባለው ስልክ ላይ ደግሞ ዙም ሲቀየር ሌንሱም ሊቀየርና አዲሱ ከሽቦ ጀርባ ሊውል ስለሚችል፣ ዙሙ አስቀድሞ ተወስኖ አለመነካቱ ይመረጣል።

የክር መረብ ሌላ ጠባይ አለው። በነፋስ ይወዛወዛል፣ ኳስ ሲመታው ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ዕቃ ለመሸከምም አልተሠራም። ስለዚህ ካሜራው በመረቡ ላይ አይንጠለጠልም፤ እግሩ ላይ የአሸዋ ከረጢት በተጫነበት ረጅም ትራይፖድ ላይ ወይም በምሶሶው ላይ ይታሰራል። ርቀቱን ለመወሰን መረቡን በእጅ ገፍቶ ምን ያህል እንደሚለጠጥ ማየት ይጠቅማል፤ በኃይል የመጣ ኳስ ከእጅ የበለጠ ስለሚገፋው ካሜራው ከዚያ አልፎ መቆም አለበት። ጥቁር ክር እምብዛም አይታይም፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታው ግን ያብረቀርቃል፤ ከሌንሱ ፊት ባለው ክር ላይ ጥላ ማጥላት ይህን ይቀንሳል።

ቀጥሎ የሚወሰነው ስፋትና ከፍታ ነው። በቤዞቹ (ሯጮች በሚረግጧቸው ማዕዘኖች) መካከል ያለው ርቀት 18.3 ሜትር ስለሆነ፣ ካሜራው ከሆም ፕሌት 8 ሜትር ወደ ኋላ ሲቆም አንደኛውና ሦስተኛው ቤዝ በ63 ዲግሪ ገደማ ውስጥ ይገባሉ። ይህ የስልክ ዋና ሌንስ ከሚያሳየው ጋር ይቀራረባል። እጅግ ሰፊ እይታ ያለው ሌንስ ግን ኳሷን ነጥብ ያህል ያሳንሳታል። ዳኛው ከተቀባይዋ ጀርባ ስለሚቆም ካሜራው ወደ 2.5 ሜትር ከፍ ሲል በዳኛው ራስ ላይ አሻግሮ ወርዋሪዋን ከነእግሯ ያሳያል።

ራሱን የሚያስተካክል ፎከስ መረቡን ስለሚይዝ መቆለፍ አለበት። በብዙ ስልኮች ላይ የወርዋሪዋን ምስል ተጭኖ መቆየት ይበቃል። ፍጥነትም ወሳኝ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የምትበር ኳስ በሰከንድ 22 ሜትር ትጓዛለች። የሻተር ፍጥነቱ አንድ ስልሳኛ ሰከንድ ከሆነ ኳሷ 37 ሴንቲሜትር የሚረዝም ጭረት ትሆናለች፤ አንድ ሺህኛ ሲሆን ጭረቱ ወደ 2 ሴንቲሜትር ይወርዳል። በሰከንድ 60 ፍሬም መቅረጽም የመቺዋን አመታት ፍሬም በፍሬም ለማየት ይረዳል።

ሙቀትና የማኅደር ቦታም አስቀድመው ይታሰባሉ። አፕል አይፎንን እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ አየር ውስጥ መጠቀምን ይመክራል፤ የበጋ ፀሐይ ያረፈበት ስልክ ግን ከዚያ በላይ ይግላል፣ መቅረጹንም ሊያቆም ይችላል። ነጭ ጨርቅ ማልበስና ፓወር ባንክን በጥላ ማኖር ያግዛል። በ1080 ጥራትና በ60 ፍሬም የሚቀርጽ አይፎን በደቂቃ 90 ሜጋባይት ገደማ ስለሚወስድ፣ የ90 ደቂቃ ጨዋታ 8 ጊጋባይት ያህል ይፈልጋል።

ከሁሉ በፊት ግን ፈቃድ ይቀድማል። ካሜራው ከመታሰሩ አስቀድሞ የሜዳው ኃላፊ፣ የሁለቱ ቡድኖች አሰልጣኞችና ዳኛው ሊያውቁት ይገባል፤ ዳኛው አንሱ ካለ ይነሳል። በምስሉ ያሉት የሌሎች ሰዎች ልጆችም ናቸውና ቪዲዮው ለሁሉ ክፍት በሆነ ገጽ ላይ አይለጠፍም። በዋሽንግተን በበጋ ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ በአዲስ አበባ ከቀኑ 11 ሰዓት ስለሚሆን አያቶች በቀጥታ ሊከታተሉት ይችላሉ፤ ሊንኩ የሚላከውም ለቤተሰብ ብቻ ነው።