ቫልቩ የሚያምናት ባልብ

የአበባ ማቆያ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ገብቶ ከኤቫፖሬተሩ ጎን በደንብ ላየ ሰው፣ ከመዳብ ቧንቧው ጋር በማሰሪያ የተጠበቀች ትንሽ የመዳብ ቀለህ ትታያለች። ባለሙያዎች ባልብ ይሏታል። ከእሷ የሚነሳ በጣም ቀጭን ቱቦ ኤክስፓንሽን ቫልቩ ራስ ላይ ያርፋል።

የታሸገባት ጋዝ ቧንቧው ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምርና ቫልቩን ይከፍታል። የኤቫፖሬተሩ ግፊትና የቫልቩ ስፕሪንግ ደግሞ ለመዝጋት ይገፋሉ። ሦስቱ ሲመጣጠኑ ወደ ኤቫፖሬተሩ የሚገባው ፈሳሽ ልኩን ያገኛል፤ መውጫው ጋ ሳይደርስ ተንኖ ያልቃል፣ ተኑም ከመፍያ ነጥቡ በላይ አምስት ስድስት ዲግሪ ሞቆ ይወጣል። ይህ ትርፍ ሙቀት ሱፐርሂት ይባላል። ቫልቩ ስለ ኤቫፖሬተሩ ሙቀት የሚያውቀው ባልቧ የነገረችውን ብቻ ስለሆነ፣ የምትታሰርበት ቦታ የሥራው ሁሉ ቁልፍ ነው።

ነገሩ የሚወሳሰበው ሂት ኤክስቼንጀር ሲኖር ነው። ከኮንደንሰሩ የሚመጣው ለብ ያለ ፈሳሽና ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚመለሰው ቀዝቃዛ ተን ሳይቀላቀሉ ጎን ለጎን ያልፉበታል። ፈሳሹ ይበልጥ ስለሚቀዘቅዝ ቫልቩ ጋ ሳይደርስ መትነኑ ይቀራል፤ ተኑም ሞቅ ብሎ ስለሚመለስ ኮምፕሬሰሩ ፈሳሽ ከመዋጥ ይድናል። ኤክስቼንጀሩ እንደ አር 134 ኤ ላለ ጋዝ ጠቃሚ ነው። ለአሞኒያ ግን አይመከርም፤ ከኮምፕሬሰሩ የሚወጣው ጋዝ ያለ እሱም እጅግ ይሞቃል።

ባልቧ መታሰር ያለባት ከኤቫፖሬተሩ መውጫ ቀጥሎ፣ ከኤክስቼንጀሩ በፊት ነው። ከኤክስቼንጀሩ በኋላ ብትታሰር የምትለካው ተኑ ከፈሳሹ የተበደረውን ሙቀት ጭምር ይሆናል። ቫልቩም ኤቫፖሬተሩ የተራበ መስሎት ይከፍታል። ፈሳሹ ኤቫፖሬተሩን ሞልቶ ኤክስቼንጀሩ ውስጥ ይገባና እዚያ ይፈላል። ወሬው ባልቧ ጋ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ ያኔ ቫልቩ ከልክ በላይ ይዘጋል፣ ትንሽ ቆይቶም ከልክ በላይ ይከፍታል። የግፊት መለኪያው መርፌ ከፍ ዝቅ ሲል ይውላል፤ ኤክስቼንጀሩ ሁሉንም ፈሳሽ ማትነን ሲያቅተው ደግሞ ጉዳቱ ኮምፕሬሰሩ ላይ ያርፋል። ኤቫፖሬተሩ በሙሉ ፈሳሽ አግኝቶ ይሠራል ብለው ይህን አሠራር የሚደግፉ አሉ። አባባላቸው መሠረት ቢኖረውም፣ በተራ ባለባልብ ቫልቭ ላይ ትርፉ ለዚህ አደጋ የሚበቃ አይመስለኝም።

አስተሳሰሩም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቧንቧው አግድም ይሁን፤ ተወልውሎ መዳቡ ያብራ፤ ማሰሪያው ብረት እንጂ ፕላስቲክ አይሁን። ቀጭን ቧንቧ ላይ ባልቧ ከላይ ትቀመጣለች፤ ከ22 ሚሊሜትር በላይ ሲሆን በሰዓት ሰሌዳ 4 ወይም 8 ቁጥር አካባቢ። ከታች ፈጽሞ አትታሰርም፤ እዚያ የሚጠራቀመው ዘይት ሙቀቱን ይጋርድባታል። በመጨረሻም የማራገቢያው አየር እንዳያታልላት በሙቀት መከላከያ ትሸፈናለች። ቫልቩ የኤቫፖሬተር ግፊት የሚያነብበት የውጭ ቱቦ ካለው፣ የሚበየደው ከባልቧ ትንሽ አለፍ ብሎ ከኤክስቼንጀሩ በፊት ነው።

ሱፐርሂት ሲለካ ለአዲስ አበባ ባለሙያ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ከተማው ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል የአየሩ ግፊት 0.77 ባር አካባቢ ነው፤ የተለመደው የግፊትና የሙቀት ሰንጠረዥ ግን የተዘጋጀው ለ1.01 ባር ነው። አር 134 ኤ በ-5 ዲግሪ ሲፈላ ተራው መለኪያ እዚህ 1.66 ባር ያህል ያሳያል፤ ሰንጠረዡ ያንን -2.5 ዲግሪ ገደማ ብሎ ይተረጉመዋል። ትክክለኛው 6 ዲግሪ ሱፐርሂት 3.5 መስሎ ይታያል፤ ባለሙያውም ያነሰ መስሎት ደህናውን ቫልቭ ያጠብቃል፣ ኤቫፖሬተሩም ይራባል። ስለዚህ የቫልቩ ቪስ ከመነካቱ በፊት ከመለኪያው ንባብ ላይ 0.24 ባር መቀነስ፣ ከዚያ ሰንጠረዡን ማየት፣ የቧንቧውንም ሙቀት ባልቧ ከታሰረችበት ቦታ ላይ መለካት ያስፈልጋል።