ያውቁ ኖሯል? ከእንጨት ማውስ እስከ ኤም-ፔሳ
(ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ናይሮቢ፣ ጊጊሪ ላይ ዋና መሥሪያ ቤቱ ያለው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ግሪድ የተባለውን የዲጂታል ካርታና የአካባቢ መረጃ ቋት በናይሮቢና በጄኔቫ ያቋቋመው በ1985 መሆኑን ያውቁ ኖሯል? በማውስ የሚታዘዘው ዊንዶውስ 1.0 የወጣውም በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ነው። ሆኖም አርክ ኢንፎን የመሰለው የዘመኑ የካርታ ሶፍትዌር ትእዛዙን የሚቀበለው አንድ በአንድ ሲጻፍለት ነበር።

የመጀመሪያው ማውስ ከእንጨት እንደተሠራስ? ሐሳቡ የዳግላስ ኤንግልባርት፣ በ1964 የሠራው ደግሞ ቢል ኢንግሊሽ። ኤንግልባርት ዲሴምበር 9 ቀን 1968 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ 90 ደቂቃ በፈጀ ትዕይንት ማውሱን ለሕዝብ አሳየ።

ዜሮክስ በ1981 ለገበያ ያቀረበው ስታር፣ አይኮንና መስኮት የነበረው ኮምፒውተር፣ ዋጋው 16,595 ዶላር ነበር። ብዙ ገዢ ቢያጣ ምን ይገርማል! ከሦስት ዓመት በኋላ ማኪንቶሽ በ2,495 ዶላር መጣ። አይኮኖቹን የሣለችው ሱዛን ኬር መጀመሪያ የሠራችው በካሬ ወረቀት ላይ፣ አንዱን ካሬ እንደ አንድ ነጥብ ቆጥራ ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው። በ1970ዎቹ የዜሮክሱ ላሪ ቴስለር አዲስ የተቀጠረች ጸሐፊ ባዶ ስክሪን ፊት አስቀምጦ፣ «ይህ በእርማት የተሞላ ጽሑፍ እዚህ ላይ ቢኖር እንዴት ታስተካክይው ነበር?» ብሎ እንደጠየቃት ያውቁ ኖሯል? ፕሮግራሙ ገና አልተጻፈም። እሷ በጣቷ እየጠቆመች አስረዳች፤ እሱ ማስታወሻ ያዘ። ዛሬ ሁላችን የምንጠቀምበት ቆርጦ መለጠፍ የተቀረጸው በእንዲህ ያለ ሥራ ነው።

ጊጊሪ፣ ቪሌጅ ማርኬት የተባለው የገበያ ማዕከል ገብተው በስልክዎ ሒሳብ የሚከፍሉበት ኤም-ፔሳስ የተጠነሰሰው ለብድር መክፈያ እንደነበር? በ2005 ቮዳፎንና ሳፋሪኮም፣ ፋውሉ ከተባለ አነስተኛ ብድር ሰጪ ጋር ሆነው ናይሮቢና ቲካ ላይ ሞከሩት። ተበዳሪዎቹ ግን በራሳቸው መንገድ ሄዱ፤ ለሌላ ሰው ገንዘብ ላኩ፣ የስልክ ካርድ ገዙ፣ መንገድ ሲሄዱ ገንዘባቸውን አስገብተው ከደረሱበት አወጡት። ኒክ ሂዩዝና ሱዚ ሎኒ የመሯቸው ሰዎች ይህን ልብ አሉ። ማርች 2007 አገልግሎቱ ሲጀመር መፈክሩ «ገንዘብ ወደ ቤት ይላኩ» ሆነ። ያኔ ሥዕል አልነበረው፣ መስኮት አልነበረው፤ ከሲም ካርዱ የሚወጣ የጽሑፍ ዝርዝር ብቻ፣ ኢንተርኔትም አይፈልግ ነበር። ሆኖም ተጠቃሚውን አይቶ የተቀረጸ ነውና፣ ከማኪንቶሽ ይልቅ የዚያች የዜሮክስ ጸሐፊ ወራሽ ኤም-ፔሳ ይመስለኛል።

በዚያው 2007፣ ጃንዋሪ ላይ ለገበያ የዋለው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለ የግዕዝ ፊደል ፎንት ይዞ መምጣቱንስ? ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነበር፤ ነገር ግን ፎንቱን ለብቻው ያልጫነ ሰው፣ ጊጊሪም ይሁን ፒያሳ፣ በአማርኛ ምትክ የሚያየው የተደረደሩ ባዶ አራት ማዕዘኖች ነበር።