ከሣጥን ወጥቶ ወደ ገበያ የተመለሰው የኮሪያውያን የሀገር ልብስ

በደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ በሴኡል፣ ግዮንግቦክጉንግ በሚባለው የጥንት ቤተ መንግሥት በር ላይ በየዕለቱ የሚታየው ነገር የንግድ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነው። ሱሪና ሸሚዝ የለበሰ ጎብኚ ከቲኬት መሸጫው መስኮት ፊት ተሰልፎ ገንዘቡን ከፍሎ ይገባል። ሃንቦክ የተባለውን የሀገሩን ልብስ የለበሰ ግን፣ የሀገር ተወላጅም ሆነ የውጭ ሀገር ሰው፣ ሳይከፍል ያልፋል። ይህ ፈቃድ የተሰጠው በ2013 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የመግቢያው ዋጋ በዚያን ጊዜ 3,000 ዎን ብቻ ነበር። በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ የተከፈቱት አከራይ ሱቆች ደግሞ አንዱን ልብስ ለጥቂት ሰዓታት ከ10,000 እስከ 20,000 ዎን ድረስ ያከራያሉ። እንግዲህ ጎብኚው 3,000 ዎን ለማትረፍ ሲል የዚያን ብዙ እጥፍ በደስታ ይከፍላል ማለት ነው። ትንሽ ምርቃት ትልቅ ቦርሳ እንደምታስከፍት ባለ ሱቅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ነገር ግን እንደዚህ አምሮ የተሳካበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ሃንቦክ ማለት በቋንቋቸው የኮሪያ ልብስ ማለት ነው። በሰሜኑ ክፍል ያው ልብስ ጆሶን ኦት ይባላል። ሴቶች ከላይ ጆጎሪ የሚሉትን አጭር ደረቢያ፣ ከታች ደግሞ ከደረት ጀምሮ እስከ እግር የሚወርደውን ሰፊ ቀሚስ፣ ቺማን፣ ይለብሳሉ። ወንዶች በጆጎሪው ሥር ባጂ የተባለ ሰፊ ሱሪ ይታጠቃሉ፤ ሲበርድም ዱሩማጊ የሚባል ረጅም ካባ ይደርባሉ። ጆጎሪው የሚያያዘው በቁልፍ ሳይሆን ጎረም በሚባል ረጅም ጥብጣብ ሲሆን፣ ደረት ላይ የሚታሰርበት ወግ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። በአንገቱ ዙሪያ ዶንግጆንግ የተባለ ጠባብ ነጭ ቅዳጅ ይሰፋል፤ እርሱ ሲያድፍ ልብሱ በሙሉ ሳይታጠብ ቅዳጁ ብቻ ተፈትቶ በሌላ ይለወጣል።

አቆራረጡም ከአውሮፓ ልብስ የተለየ ነው። ጨርቁ በገላ ቅርጽ አይቆረጥም፤ ቀጥ ባሉ ቁራጮች ተሰፍቶ ሲታጠፍ እንደ ወረቀት ጠፍጣፋ ይሆናል። ቅርጹን የሚያገኘው ከለባሹ ነው። ቀሚሱ ተጠምጥሞ የሚታሰር ስለ ሆነ ቀጭኗም ወፍራሟም፣ ነፍሰ ጡሯም ጭምር አንዱን ቺማ ልትለብሰው ትችላለች። በልክ ብዛት ዕቃው መደርደሪያ ላይ የሚያድርበት ባለ ሱቅ ይህን ሲሰማ ሳይቀና አይቀርም።

የጨርቁ ነገር ደግሞ ሰፊ ነው። ለባለጸጎች ሐር፣ ለቀረው ሕዝብ ጥጥና ሄምፕ ይሠራ ነበር። የጥጥ ዘር ወደ ኮሪያ የገባው በ14ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሙን ኢክ ጆም የተባሉ ሹም ከቻይና ይዘውት በመጡ ጊዜ መሆኑን ኮሪያውያን ይተርካሉ። ለበጋው ሙቀት የሚመረጠው ግን ሞሲ ነው። ሞሲ የሳማ ወገን ከሆነ ተክል ግንድ ከሚወጣ ቃጫ የሚሠራ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ጨርቅ ነው። በሀንሳን አውራጃ ያሉ ሴቶች ቃጫውን በጥርሳቸው እየሰነጠቁ ያቀጥኑታል፤ ጫፍና ጫፉን እያያያዙ ክር ያደርጉታል፤ ከዚያም ክሩ ሲደርቅ ስለሚበጠስ እርጥበት ባለበት ቤት ተቀምጠው ይሸምኑታል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ይህን ሙያ በ2011 በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ጥርስ ያስከፈለ ጨርቅ በርካሽ ሊሸጥ እንደማይችል ግልጽ ነው።

ይህ ልብስ ከዕለት ኑሮ የወጣው ቀስ በቀስ ነው። በ1895 መንግሥት ወንዶች የራስ ጉንጉናቸውን እንዲቆረጡ አዘዘ፤ በ1900 ደግሞ ሹማምንቱ የአውሮፓ ልብስ እንዲለብሱ ተፈቀደ። ከ1910 እስከ 1945 የጃፓን አገዛዝ ተከተለ፤ ከ1950 እስከ 1953 ድረስ ደግሞ ጦርነቱ ሀገሪቱን አወደማት። በ1951 የደረሱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ያገኙት ሕዝብ ግን የሀገር ልብሱን ገና አልጣለም ነበር። በተለይ የገጠሩ ሰውና ሽማግሌው ነጭ ይለብስ ስለ ነበር፣ ኮሪያውያን ራሳቸውን ነጭ ለባሽ ሕዝብ ብለው ይጠሩ ነበር። በነጠላና በጋቢ ላደገ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ ነገር ሊሆን አይችልም።

ሀገሩን የለወጠው ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ፋብሪካ ነው። በማሽን ፊት ረጅም እጅና ረጅም ጥብጣብ አደጋ ነው፤ በቢሮም ኮትና ክራባት የሥልጣኔ ምልክት ሆነ። የጥንቱ ልብስ ሲታጠብ ስፌቱ ተፈትቶ፣ ጨርቁ በእንጨት እየተደበደበ ተስተካክሎ፣ እንደገና ይሰፋ ነበርና ፋብሪካ የምትውል ሴት ለዚህ ጊዜ አልነበራትም። ስለዚህ ሃንቦክ ለሠርግ፣ ለአዲስ ዓመት በዓል፣ ለመከር በዓል፣ ለሕፃን አንደኛ ዓመትና ለሽማግሌ ስድሳኛ ዓመት ብቻ ከሣጥን የሚወጣ ሆኖ ቀረ። በዓመት ሁለት ጊዜ የሚለበስ ልብስ በዕድሜ ልክ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ይገዛል።

መመለሱ የተጀመረው ከሁለት ወገን ነው። በአንድ በኩል ወይዘሮ ሊ ዮንግ ሂ አሉ። በ1976 የሃንቦክ ሱቅ የከፈቱት እኚህ ሴት በ1993 በፓሪስ የልብስ ትርኢት ላይ ቺማውን ያለ ጆጎሪ፣ ትከሻን አራቁተው አቀረቡት። አንዲት የፈረንሳይ ጋዜጠኛ የነፋስ ልብስ ብላ አደነቀችው፤ በሀገራቸው ግን ሃንቦክን አራቆቱት ተብለው ተወቀሱ። በ2018 እስካረፉ ድረስ በሥራቸው ጸኑ። በሌላ በኩል ደግሞ መንግሥት በ1996 ሕዝቡ ሃንቦክ የሚለብስበትን ቀን ወሰነ፤ በዚያው ዘመን ለዕለት ሥራ የሚመች፣ ቁልፍ ያለው፣ በጥጥ የተሰፋ ሃንቦክ በሱቆች መታየት ጀመረ። ሆኖም ወጣቱ የሽማግሌና የሻይ ቤት አስተናጋጅ ልብስ አድርጎ ስለ ቆጠረው ሩቅ አልሄደም። አዋጅ ሰውን ልብስ ሊያስለብስ ይችል ይሆናል፤ ሊያስገዛው ግን አይችልም።

ሕዝቡን ያነቃቃው ምናልባት ከአዋጁ ይልቅ በ2011 የሆነው ነገር ሳይሆን አይቀርም። በሴኡል ከታወቁት ታላላቅ ሆቴሎች አንዱ፣ ሃንቦክ ለብሰው የመጡ አንዲት ስመ ጥር የሃንቦክ ሰፊ ወደ ምግብ አዳራሹ እንዳይገቡ ከለከለ። ምክንያቱ ሰፊው ቀሚስ ሰዎች እየተዘዋወሩ ምግብ በሚያነሡበት ስፍራ ያደናቅፋል የሚል ነበር። ወሬው በአንድ ቀን ሀገሩን አዳረሰ፤ የሆቴሉ ኃላፊም ቀርበው ይቅርታ ለመጠየቅ ተገደዱ። የሀገር ልብስ በገዛ ሀገሩ መብል ቤት አይገባም መባሉ ብዙ ሰው በሣጥኑ ውስጥ ያለውን እንዲያስታውስ አደረገው።

ከዚያ ወዲህ ገበያውን የያዙት ወጣቶች ናቸው። ለአብነት ያህል በጆንጁ ከተማ የሚሠሩትን ህዋንግ ኢ ሱልን መጥቀስ ይበቃል። እኚህ ሴት በዩኒቨርሲቲ የተማሩት ስለ ደን ነው። በ2006 ለአንድ የሥዕል ታሪክ ወዳጆች በዓል ብለው የሰፉትን ሃንቦክ በኢንተርኔት ለሽያጭ አቀረቡት፤ ገዢም ተገኘ። በ2014 ሊሱል የተባለውን የንግድ ምልክት አቋቋሙ። የእርሳቸውና የመሰሎቻቸው ብልሃት ቀላል ነው። ጨርቁ በልብስ ማጠቢያ መኪና የሚታጠብ ጥጥ ወይም ፖሊስተር ሆነ፤ ቀሚሱ አጠረ፤ ኪስ ተጨመረለት፤ ጥብጣቡ ለጌጥ ቀርቶ በሥሩ የተሰወረ ቁልፍ ተተካ። ቺማው በካናቴራ ላይ፣ ጆጎሪው በጂንስ ሱሪ ላይ እንዲለበስ ተደረገ። ልብሱም በልክ ከማሰፋት ወጥቶ ተሰፍቶ የተዘጋጀ ሸቀጥ ሆነ። ለንግዱ ትልቁ ለውጥ ይህ የመጨረሻው ነው።

ዘፋኞቹ ደግሞ ማስታወቂያውን በነፃ ሠሩላቸው። ቢቲኤስ ከተባለው የዘፋኞች ቡድን አንዱ ወጣት በ2019 አውሮፕላን ጣቢያ ላይ የዕለት ሃንቦክ ለብሶ ቢታይ፣ ያው ዐይነት ልብስ ወዲያው ተሽጦ አለቀ። በ2020 ብላክፒንክ የተባሉት ሴቶች በዘፈን ፊልማቸው የተሻሻለ ሃንቦክ ለብሰው ታዩ። በ2021 ሃንቦክ የሚለው ቃል በኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ገባ፤ በ2022 መንግሥት ሃንቦክን የመልበስ ወግ በሀገር አቀፍ ቅርስነት መዘገበ። በዚያው ዓመት በቤይጂንግ የክረምት ኦሊምፒክ መክፈቻ ላይ በቻይና ከሚኖሩት ብሔረሰቦች መካከል የኮሪያ ወገን የሆነች ሴት ሃንቦክ ለብሳ በመታየቷ፣ ልብሱ የማን ነው የሚል ብርቱ ክርክር በሁለቱ ሀገሮች ሕዝብ መካከል ተነሥቷል።

ነገር ግን የንግዱ እውነተኛ ጠብ ያለው በቤተ መንግሥቱ በር አጠገብ ነው። አከራዮቹ የውጭ ሀገር ጎብኚ ለፎቶግራፍ የሚያብረቀርቅ ነገር እንደሚወድ አይተው ወርቅማ ቀለም የታተመበት ፖሊስተር፣ በሽቦ ቀለበት የተነፋ ቀሚስ፣ ደረት ላይ በመታሰር ፈንታ ከኋላ የሚቋጠር ጥብጣብ አመጡ። ከዚህም ብዙው በቻይና በርካሽ የተሠራ ነው። በ2018 ቤተ መንግሥቱ የሚገኝበት የጆንግኖ ወረዳ ጽሕፈት ቤት እንዲህ ያለው ልብስ የነፃ መግቢያ ሊሰጠው አይገባም የሚል አሳብ አቀረበ፤ በ2024 የመንግሥቱ የቅርስ መሥሪያ ቤት ኃላፊም ጉዳዩን እንደገና አነሡት። አከራዮቹ የሚሰጡት መልስ ከንቱ አይደለም። ጆጎሪው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወገብን የሚሸፍን ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደረትን እንኳ በጭንቅ የሚከልል ሆነ። ታዲያ የማይለወጠው የትኛው ነው? ይላሉ። የታተመ ጥለት ያለበት የውጭ ሀገር ቀሚስ ከሸማኔ ሥራ ጋር በአንድ መደርደሪያ ተሰቅሎ ያየ የመርካቶ ነጋዴ ሁለቱንም ወገኖች ለመረዳት አይቸገርም።

የሆነ ሆኖ ኪራይ ከሽያጭ ጋር ሊደባለቅ አይገባም። አንድ የኪራይ ልብስ በመቶ የሚቆጠር ሰው ይለብሰዋል፤ ለጨርቅ ነጋዴውና ለሰፊዋ ግን የሚደርሳቸው የአንድ ልብስ ዋጋ ነው። ጎዳናው በሃንቦክ ተሞልቶ ሳለ ሰፊዎቹ ሥራ የሚያጡት ስለዚህ ነው። በደህና ሐር በልክ የሚሰፋ ሃንቦክ ከብዙ መቶ ሺህ እስከ ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ዎን ያወጣል፤ ዋናው ገዢም ሙሽራና የሙሽራ ቤተ ዘመድ ነበር። በደቡብ ኮሪያ በ2012 ወደ 327,000 የሚጠጋ ጋብቻ ተመዝግቦ ነበር፤ በ2022 ቁጥሩ ወደ 192,000 ወረደ። በ2024 ወደ 222,000 ቢያንሰራራም፣ ከሚጋቡት ብዙዎቹ ለአንድ ቀን ብለው ከማሰፋት መከራየትን መርጠዋል።

በ1905 የኮሪያ ነጋዴዎች ባቋቋሙት በግዋንግጃንግ ገበያ፣ ምድር ቤቱ በምግብ ሻጭና በጎብኚ ሲጨናነቅ፣ ከፎቅ ላይ የሐር ጣቃ የሚደረደርባቸው የሃንቦክ ሱቆች ይገኛሉ። ገዢዋ ቀለሙን ከባለ ሱቋ ጋር ተማክራ ትመርጣለች፤ ልኳ ይወሰዳል፤ ልብሱም ተሰፍቶ ይመጣላታል። ተዘጋጅተው የሚሸጡት ነጭ የአንገት ቅዳጆች፣ ጥብጣቦችና ከጎረም ላይ የሚንጠለጠሉ ጌጦችም ለብቻቸው ይገዛሉ። ከእናቷ የተረፈ ጆጎሪ ያላት ሴት ለአዲስ ዓመት በዓል ሌላ ምንም ሳትገዛ፣ ለአንገቱ የሚሆን አዲስ ቅዳጅ ብቻ ይዛ ልትመለስ ትችላለች።