በእንተ ስማ ለማርያም የማይለው ተማሪ

በጎጃም ደጋ፣ ከደብረ ማርቆስ ጀምሮ እስከ ጮቄ ተራራ ሥር ባሉት አጥቢያዎች፣ ከአጥር ውጭ «በእንተ ስማ ለማርያም!» የሚል ድምፅ ያልሰማ ቤተ ሰብ አለ ለማለት ያስቸግራል። ለምድ ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቦ፣ በትሩን ይዞ የሚቆመው የቆሎ ተማሪ ቁራሽ እንጀራ ወይም እፍኝ ቆሎ ይለምናል። ልመናው ግን የስንፍና አይደለም። ከእነርሱ መካከል የአባታቸው ጎተራ የሞላ፣ ስለ ትምህርት ሲሉ ግን ሀገራቸውን ለቀው የመጡ አሉ።

የዋሸራና የጎንጅ፣ የዲማ ጊዮርጊስና የደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤቶች ስማቸው የተጠራው በመምህራኑ ዕውቀት ብቻ አይደለም። ተማሪው ሲቈጥር የዋለውን ቅኔ ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል፤ የሚበላውን የምትሰጠው ግን በአቅራቢያው ያለችው ባልቴት ናት። ሀዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የተማሩት በዚሁ ሀገር የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ነበር፤ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ያሳዩን በዛብህም ከዚሁ ዓለም የወጣ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ገብቶ የሰው ደጅ መርገጥ ባስፈራ ጊዜ፣ ጉባኤው ምን ያህል በእናቶች እፍኝ ላይ እንደ ቆመ ታየ።

በክረምት፣ ጎተራው በሚጐድልበት በሐምሌና በነሐሴ፣ መስጠት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ውሻውን ሳያስሩ፣ በሩንም ሳይከፍቱ ከውስጥ ሆኖ «እግዚአብሔር ይስጥህ» ማለት የክርስቲያን ቤት ወግ አይመስለኝም። የሌለው ቢያንስ ወጥቶ ፊቱን ያሳይ።

ዛሬ በተለይ ላነሣው የፈለግሁት ግን ስለ ሌላው ተማሪ ነው። ይኸውም ከገጠር መጥቶ በከተማ ሁለተኛ ደረጃ የሚማረው፣ ከሁለት ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በጓሮአችን ክፍል ተከራይቶ የሚኖረው ልጅ ነው። ቅዳሜ ወደ ቤተ ሰቡ ሄዶ እንጀራውን፣ ሽሮውንና በርበሬውን ተሸክሞ እሑድ ይመለሳል። እስከ ረቡዕ እንደ ምንም ይበላል፤ ከዚያ በኋላ እንጀራው ይሻግታል፤ ያልሻገተውን አድርቆ በውሃ ያርሰዋል። ሐሙስና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ዓይኑ ሲከደን መምህሩ ሰነፍ ይለዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል፤ መንገድ በተዘጋ ጊዜም ስንቁ ከገጠር አይደርስም።

ይህ ልጅ «በእንተ ስማ ለማርያም» አይልም። ዩኒፎርም ለብሶአልና ያፍራል፤ እኛም ኪራይ ከፋይ ነው ብለን የተራበ አይመስለንም። እጃችን በልማድ የሚዘረጋው ለሚጮኸው ነው። ጌታ በፍርድ ቀን ስለ ተራበው ሲጠይቅ ግን፣ ጮኾ ነበር ወይስ ዝም ብሎ ነበር ብሎ አይለይልንም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ትልቅ ገንዘብ አያሻም። በጋገራ ቀን ሁለት እንጀራ መጨመር ለብዙ ቤት አይከብድም። በጾም የቀረው ምሳ ለተራበ እንዲደርስ አባቶች ያስተምራሉና፣ ዐቢይ ጾም ለዚህ የተመቸ ነው። አሰጣጡም እንዳያሳፍረው «ልጄ፣ ና ቡና ድረስ» ብሎ መጥራት ይሻላል። ሴት ልጅ ከሆነች ከእንጀራው ይልቅ ስትወጣና ስትገባ የምታያት እናት ያስፈልጋታል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን «መብራት አጥፋ!» የሚሉ አከራዮችም አሉ፤ የአንዲት አምፖል ዋጋ ስንት ቢሆን ነው?

በዚህ ወር የጽዋ ማኅበር ተራ የደረሳችሁ እናቶች፣ ሰው ሲበተን ከጠበሉ ጸዲቁ ጥቂት ወደ ጓሮ ክፍሎች አሳልፉ። በሩ ተዘግቶ ብታገኙትም ልጁ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ ከድናችሁ አቆዩለት።